ከማብራሪያው በፊት ሰነዱ፦ ዓለም አቀፍ ሕግና ዲፕሎማሲን በማስተርስ ደረጃ ያጠናሁበት መንገድ

ዓለም አቀፍ ሕግንና ዲፕሎማሲን በማስተርስ ደረጃ ሳጠና ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ አንድ ልማድ ነው። ስለ ስምምነት የተጻፈውን ከማንበቤ በፊት ስምምነቱን ራሱን፣ ስለ ፍርድ የተጻፈውን ማጠቃለያ ከመክፈቴ በፊት ፍርዱን አነባለሁ። የመማሪያ መጻሕፍት ይጠቅማሉ። ነገር ግን አንድን አንቀጽ “በመሠረቱ እንዲህ ይላል” ብለው ሲያልፉት፣ ፈተና ላይ የምትመጣው ያቺ የተዘለለችው ቃል ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ መዝገቦቹን ስትፈልጉ የምታገኟቸው በዚያ ነውና።)

መጀመሪያ ያተምኳቸው አምስት ሰነዶች ናቸው፦ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር 111 አንቀጽ፣ የዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት መተዳደሪያ ደንብ 70፣ የ1969ኙ የቪየና የስምምነቶች ሕግ ኮንቬንሽን 85፣ የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን በ2001 ያጠናቀቃቸው የመንግሥታት ኃላፊነት አንቀጾች 59፣ የ1961ዱ የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ኮንቬንሽን 53። ድምሩ 378 ነው። በቀን 30 አንቀጽ ከተነበበ በ13 ቀን ያልቃል፤ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ማለት ነው። በቃል የያዝኩት ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ከቻርተሩ 2(4)፣ 25፣ 51 እና 103፤ ከፍርድ ቤቱ ደንብ 36፣ 38 እና 59፤ ከ1969ኙ ኮንቬንሽን 26፣ 27፣ ከ31 እስከ 33፣ 53 እና 62። የ2001ዱ ሰነድ ግን ስምምነት አይደለም። ማንም አገር አልፈረመውም፣ አላጸደቀውም። አንዱን አንቀጽ ስትጠቅሱ ልማዳዊ ሕግ፣ ማለትም መንግሥታት እንደ ግዴታ ቆጥረው በመከተላቸው የጸና ሕግ፣ መሆኑን ማሳየት የእናንተ ሥራ ነው። ይህን የዘለለ መልስ ድምዳሜው ትክክል ቢሆን እንኳ ነጥብ ያጣል።

ፍርድ የማነበው ከመጨረሻው ጀምሬ ነው። ኒካራጓ አሜሪካን የከሰሰችበትን የ1986ቱን ፍርድ ውሰዱ። ውሳኔው ያለው በመጨረሻው አንቀጽ በ292 ሲሆን 16 ነጥቦች አሉት። የመጀመሪያው ነጥብ ፍርድ ቤቱ አሜሪካ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ስትቀበል ከባለ ብዙ ወገን ስምምነቶች ለሚነሱ ክርክሮች ያስቀመጠችውን ገደብ ተግባራዊ ማድረግ እንዳለበት ይናገራል። ይህን ቀድሞ ያየ ሰው መዝገቡ ለምን ስለ ልማዳዊ ሕግ እንደሚጠቀስ ወዲያው ይገባዋል። ቻርተሩን እንደ ስምምነት መጠቀም ስላልቻለ ነው ዳኝነቱ ወደ ልማዳዊ ሕግ የዞረው። ከመግቢያው ጀምሮ በተራ የሚያነብ ግን በፍሬ ነገሩ ታሪክ ውስጥ ሲባዝን ይውላል። ከውሳኔው ቀጥሎ የተከራካሪዎቹን የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከዚያ የዳኝነት ሥልጣኑን መሠረት፣ ከዚያ ምክንያቱን፣ በመጨረሻ በውሳኔው ያልተስማማ ዳኛ የጻፈውን ቢያንስ አንድ የልዩነት ሐሳብ አነባለሁ። ማስታወሻዬ ከአንድ ገጽ አያልፍም፤ እያንዳንዱ መስመር አጠገቡ የአንቀጽ ቁጥር አለው። ቁጥር የሌለው ማስታወሻ ከሦስት ወር በኋላ ቴሲስ ላይ አይረዳም፤ ሙሉውን እንደገና ያስነብባል።

አንድ መዝገብ ከአንድ በላይ ፍርድ ሊኖረው እንደሚችልም አትርሱ። ለእኛ ቅርብ የሆነው ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 ደቡብ አፍሪካን ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ማለትም ስለ ዛሬዋ ናሚቢያ፣ የከሰሱበት መዝገብ ነው። በ1962 ፍርድ ቤቱ በ8 ለ7 ድምፅ ሥልጣን አለኝ አለ። በ1966 ድምፁ 7 ለ7 ሲሆን በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ከሳሾቹ በክሱ ፍሬ ነገር ላይ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም የላቸውም ተብሎ ክሱ ወደቀ። “ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለኝም አለ” ብሎ መጻፍ በዚህ መዝገብ ላይ የሚታየው የተለመደ ስህተት ነው። ሥልጣንና የመክሰስ መብት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ቀጥሎ ቤልጅየም ስፔንን የከሰሰችበትን የ1970ውን የባርሴሎና ትራክሽን ፍርድ፣ ከዚያ በ1971 ስለ ናሚቢያ የተሰጠውን የምክር አስተያየት አንብቡ። ሦስቱን በተከታታይ ያነበበ ሰው ለመላው የዓለም ማኅበረሰብ የሚከፈል ግዴታ የሚባለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ በደንብ ያያል። ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ቦታ ከሚገባው በታች ነው የሚነገረው።

አተረጓጎምን ለማጥናት ከውጫሌ ውል የተሻለ መልመጃ አላገኘሁም። በ1889 የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ “ይቻላቸዋል” ይላል፤ በጣልያንኛው ግን ተስማምተውበታል የሚል ሆኖ ግዴታ ተደርጎ ተወሰደ። ሁላችንም ከታሪክ ትምህርት የምናውቀው እዚህ ድረስ ነው። የሕግ ተማሪ ግን አንቀጽ 19ንም መክፈት አለበት። ሁለቱ ቅጂዎች ፍጹም አንድ እንደሆኑና እኩል እንደሚታመኑ የሚናገረው እሱ ነው። አሁን ጥያቄው የ1969ኙ ኮንቬንሽን አንቀጽ 33 ሆነ፤ እኩል የሚታመኑ ሁለት ቅጂዎች ሲለያዩ ከውሉ ዓላማ አንፃር የተሻለ የሚያስታርቃቸው ትርጉም ይወሰዳል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። አንቀጽ 4 ኮንቬንሽኑ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደማይሠራ ይደነግጋል፤ ስለዚህ 33ን በቀጥታ በ1889 ውል ላይ መጫን አይቻልም። መውጫው በ1999 በቦትስዋናና በናሚቢያ መካከል የተሰጠው የካሲኪሊ/ሴዱዱ ደሴት ፍርድ ነው። እዚያ ፍርድ ቤቱ አንድን የ1890 ውል ሲተረጉም በአንቀጽ 31 የተጻፈው ደንብ ልማዳዊ ሕግ ነው ብሎ ተጠቅሞበታል። በዚህ ቅደም ተከተል፣ ማለትም ጽሑፉን፣ የታመነውን ቅጂ፣ በጊዜው የሚሠራውን ሕግ፣ ከዚያ የአተረጓጎም ደንቡን ይዞ የሄደ መልስ ጠንካራ ነው። ስለ ቅኝ ግዛት በደል ሦስት ገጽ ጽፎ ወደ አንቀጹ ያልደረሰ መልስ፣ ቁጣው እውነት ቢሆንም፣ የሕግ መልስ አይሆንም።

በአማርኛ እያሰበ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ሌላ ችግር አለበት። “ጸደቀ” የምንለው ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። የስምምነቱ ጽሑፍ በጉባኤ ሲጸድቅ አዶፕሽን ነው፤ አንድ አገር ራሷን ለማሰር ስታጸድቀው ራቲፊኬሽን ነው። የዓለም አቀፍ የውኃ መስመሮች ኮንቬንሽን በጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀው በግንቦት 1997 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው ግን 35 አገሮች ከተቀላቀሉት በኋላ በነሐሴ 2014 ነው። በመካከል 17 ዓመት አለ። “ውሳኔ” የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የጸጥታው ምክር ቤትን ሬዞሉሽን፣ የፍርድ ቤትን ፍርድና የጠቅላላ ጉባኤን ድምፅ ሁሉንም ውሳኔ እንላቸዋለን፤ አስገዳጅነታቸው ግን አይገናኝም። ለዚህ ሦስት ዓምድ ያለው ደብተር ያዝኩ፤ የእንግሊዝኛው ቃል፣ የአማርኛው፣ ሕጋዊ ውጤቱ። ወደ 120 ቃላት ሲደርስ የጽሑፌ ስህተት በግልጽ ቀነሰ።

የዲፕሎማሲው ክፍል ሲነበብ ቀላል ይመስላል፣ ሲጻፍ ያስቸግራል። ኖት ቨርባል፣ ማለትም ኤምባሲና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚለዋወጡት ይፋዊ ደብዳቤ፣ በሦስተኛ ሰው ይጻፋል፤ “እኔ” የለበትም። ኤምባሲው ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ሰላምታውን በማቅረብ ይጀምራል፣ የከበረ አክብሮቱን በማደስ ይዘጋል። ሙሉ ፊርማ አይደረግበትም፤ ማኅተምና አጭር ፊርማ ይበቃል። የሰላምታውን ዓረፍተ ነገር “ለማሳጠር” ማውጣት ከባድ ጥፋት ነው፤ ተቀባዩ ሆን ተብሎ የቀረ የቅሬታ ምልክት አድርጎ ሊያነበው ይችላል። አዲስ አበባ ለሚማር ሰው ደግሞ አንድ ልዩነት ግድ ነው። የ1961ዱ ኮንቬንሽን የሚሠራው በአገሮች መካከል ላሉ ኤምባሲዎች ነው። የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መብት የሚመነጨው ከሌላ ነው፤ ከ1965ቱ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመብቶች ኮንቬንሽን፣ ከ1946ቱ የተባበሩት መንግሥታት ኮንቬንሽንና ከአስተናጋጅ አገር ስምምነቶች። የኢኮኖሚ ኮሚሽኑን ሠራተኛ ያለመከሰስ መብት በ1961ዱ አንቀጽ 31 የመለሰ ተማሪ ከመነሻው ስቷል። አብዛኛው የድርጅት ሠራተኛ የሚጠበቀው በሥራው ለፈጸመው ተግባር ብቻ ነው።

ቴሲስ የሚበላሸው ርዕስ ላይ ነው። “የህዳሴ ግድብና ዓለም አቀፍ ሕግ” ርዕስ ሳይሆን የሕይወት ዘመን ሥራ ነው። ተመሳሳዩን ጉዳይ እንዲህ አጥብቡት፦ መጋቢት 2015 ካርቱም ላይ የተፈረመው የመርሆዎች መግለጫ 5ኛው መርህ ስለ መጀመሪያው ሙሌት የሚጥለው የመተባበር ግዴታ ነው ወይስ የቅድሚያ ስምምነት ግዴታ? ይህ ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ ሰነዱ አስገዳጅ መሆኑ ይመረመራል፤ ለዚህ የጋራ መግለጫ ወይም ቃለ ጉባኤ አስገዳጅ ስምምነት ሊሆን ይችል እንደሆነ የመረመሩት የ1978ቱ የኤጂያን ባሕርና የ1994ቱ የካታርና የባሕሬን ፍርዶች አሉ። ከዚያ ጽሑፉ በ1969ኙ ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ይተረጎማል። ልማዳዊ ሕግ ካለበት ደግሞ የመንግሥታትን አሠራር በሠንጠረዥ እሰበስባለሁ፤ ቀን፣ አገር፣ ያደረገችው፣ ስታደርገው የሰጠችው የሕግ ምክንያት፣ የተቃወመ አገር። አራተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ አሠራር አለ እንጂ የግዴታ እምነት፣ ማለትም አሠራሩ በሕግ ግዴታ ነው የሚለው እምነት፣ አልተረጋገጠም፤ የ1969ኙ የሰሜን ባሕር ፍርድ አንቀጽ 77 የሚለው ይህንኑ ነው። የጋዜጣ ዜና በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ አላስገባም፤ መግለጫውን፣ የድምፅ መዝገቡን ወይም ደብዳቤውን ከምንጩ እስካገኝ ድረስ ረድፉ ክፍት ይቆያል።

ጊዜውን በስድስት ወር ከፈልኩት፦ አንድ ወር ለጥያቄውና ለፕሮፖዛሉ፣ አንድ ለምንጮች፣ ሁለት ለመጻፍ፣ አንድ ለአማካሪ፣ አንድ ለእርማትና ለግርጌ ማስታወሻ። አማካሪ አንድ ምዕራፍ አንብቦ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ሊወስድበት እንደሚችል አስቡ፤ ሁሉንም ምዕራፍ አንድ ላይ የሚሰጥ ሰው ያን ሦስት ሳምንት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔ ሁለተኛውን ምዕራፍ እንደጨረስኩ ልኬ ሦስተኛውን መጻፍ እቀጥላለሁ። መግቢያው የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። የግርጌ ማስታወሻ ግን በዚያው ሰዓት፣ ዓረፍተ ነገሩ እንደተጻፈ፣ ከነአንቀጽ ቁጥሩ ይገባል።