ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተርን ለጌም ማዘጋጀት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ጓደኞች። ብዙዎቻችሁ ስለዚህ ኮምፒውተር ስትጠይቁኝ ስለነበር የሠራሁትን ከመጀመሪያው ጀምሬ ላካፍላችሁ። ማሽኑ ከቢሮ ወጥቶ መገናኛ አካባቢ የተገዛ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 ነው፣ ታወሩ። ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ቺፕ) ኮር አይ5-4590 ነው። ራሙ (ፕሮግራም ሲሠራ መረጃ የሚይዝበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) አንድ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር3፣ ሃርድ ዲስኩ የድሮው ዓይነት፣ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራ ለብቻው ያለ ካርድ) ደግሞ የለውም። እኛ ሰፈር ቤት ውስጥ ያለው ዴስክቶፕ ከዚህ ብዙም ስለማይርቅ ልምዱ ለብዙ ሰው ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። የምጫወተው በዋናነት የእግር ኳሱን ፔስ 2017 እና ከተማ ውስጥ መኪና የሚነዳበትን ጂቲኤ 5 ነው። ፔስ ሴቲንጉን ዝቅ ካደረጋችሁለት ይሄዳል። ጂቲኤ ግን ከተማ መሀል ሲገባ ይንገጫገጫል፣ አንዳንዴም ለአፍታ ቀጥ ይላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ፤ ሳትለኩ ብር አታውጡ። ጌም ሲጎትት ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚለው «ግራፊክስ ካርድ ግዛ» ነው። ችግሩ ሙቀት ከሆነ፣ ወይም ራም ከሆነ፣ አዲሱ ካርድ ከዚያው ችግር ጋር አብሮ ይቀመጣል። እኔ የምጠቀመው ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን የመለኪያ ፕሮግራም ነው፣ ነፃ ነው። አብሮት ሪቫቱነር የሚባል ይጫናል፤ እሱ ጌሙ እየሄደ እያለ በስክሪኑ ጥግ ላይ የፕሮሰሰሩን ሙቀትና ፍጥነት፣ የራሙን መጠን፣ በሰከንድ የሚታየውን የፍሬም (የምስል) ብዛትና እያንዳንዱ ፍሬም የወሰደውን ጊዜ ያሳያችኋል።

ይህች የመጨረሻዋ ቁጥር ብዙ ሰው የማያያት ግን ዋናዋ ናት። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት እያንዳንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ወሰደ ማለት ነው። 30 ከሆነ 33.3። አማካዩ 40 ሆኖ እያለ በመሀል አንዱ ፍሬም 150 ሚሊሰከንድ ከወሰደ ዓይናችሁ የሚያየው እሱን ነው፣ እጃችሁም የሚሰማው እሱን ነው። ስለዚህ አማካይ ቁጥር ብቻ አትዩ፤ ስክሪኑ ላይ የሚሳለው የፍሬም ጊዜ መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል ወይስ እየዘለለ ነው የሚለውን እዩ። ጂቲኤ 5 ደግሞ ግራፊክስ ሴቲንጉ ውስጥ የራሱ መለኪያ አለው። ሁልጊዜ ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ትዕይንት ነው የሚያስኬደው፣ ስለዚህ አንድ ነገር ቀይሮ ለማወዳደር ይመቻል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ለኩ፣ ጻፉት፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

መጀመሪያ የተገኘው ሙቀት ነው። ጌሙ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ፕሮሰሰሩ ከ95 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው፤ ወደዚያ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እስከ 3.7 ጊጋኸርዝ መድረስ የሚችለው ፕሮሰሰር ከ3 በታች ወርዶ ሲንፏቀቅ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጎኑን ስከፍተው ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። በሂት ሲንኩ (ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት የሚያወጣው ብረት) ቀጫጭን ክንፎች መሀል አቧራ ተጠቅጥቆ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ አልቀረም። ሂት ሲንኩ ሲነሳ ደግሞ ከሥሩ ያለው ቴርማል ፔስት (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ሂት ሲንኩ የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ በጥፍር ሲነኩት ይረግፋል።

አጸዳዱን ትንሽ ላብራራ፣ እዚህ ላይ ዕቃ የሚያበላሽ ሰው ስላለ። ኬብሉን ከሶኬት ንቀሉና ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስጨርሱት። ብዙ ሰው ጎሚስታ ጋ ወስዶ በኮምፕሬሰር ያስነፋል። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፣ ግን የኮምፕሬሰሩ አየር ብዙ ጊዜ ውሃ ይዞ ይወጣል፣ ማዘርቦርድ ላይ የሚረጨው ደግሞ እሱ ነው። ለስላሳ ብሩሽና ትንሽ የእጅ መንፊያ ይበቃል። ፋኑን ስትነፉ በጣታችሁ ያዙት፤ በአየር ግፊት ከመጠን በላይ ሲሽከረከር መሽከርከሪያው ይጎዳል። የድሮውን ፔስት ከፋርማሲ በምትገዙት ጠንካራ አልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ ጥረጉ። አዲሱን የምስር ፍሬ ያህል መሀል ላይ አድርጉና ሂት ሲንኩን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ አንዱን ትንሽ ከዚያ ተቃራኒውን ትንሽ እያላችሁ አጥብቁ። ካቻቪቴውን በአንድ ጥግ ብቻ እስከ መጨረሻ ካዞራችሁት ፔስቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል።

ውጤቱ? ያው ጌም፣ ያው ሴቲንግ፣ ከ74 ዲግሪ አላለፈም። በጂቲኤ መለኪያ በ720 ጥራትና በዝቅተኛ ሴቲንግ አማካዩ ከ24 ወደ 29 ወጣ። ወጪው የፔስቷ ዋጋ ብቻ ነው።

ሙቀት ላይ እያለን፣ ዩቲዩብ ላይ የምታዩትን ቁጥር ከእናንተው ጋር ስታወዳድሩ ከፍታችንን አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር እፍጋቱ ከባሕር ጠረፍ አየር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ሲዞር ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማችን ቅዝቃዜ ያካክሰዋል፣ ግን ኮምፒውተሩን ግድግዳ ላይ አስጠግታችሁ ወይም ዝግ ቁምሳጥን ውስጥ ካስቀመጣችሁት ማካካሻውም ይጠፋል። ድሬዳዋና ሰመራ ያላችሁ ደግሞ ከፍታው ባያሳስባችሁም ክፍላችሁ ራሱ ሞቃት ነው፣ አቧራውን ቶሎ ቶሎ ተከታተሉ።

ቀጥሎ ራም። 8 ጊጋ ነበር ግን በአንድ ቁራጭ። ግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ይህ በጣም ይጎዳል፣ ምክንያቱም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ኢንቴል ኤችዲ 4600 የራሱ ሜሞሪ የለውም፣ ከዋናው ራም ነው የሚበደረው። የዲዲአር3 1600 አንድ ቁራጭ በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ሁለት ቁራጭ በትክክለኛው ቀዳዳ ሲገቡ በሁለት መስመር ስለሚሠሩ 25.6 ይሆናል። ስለዚህ ተመሳሳይ 8 ጊጋ ጨመርኩ። ቦታው ላይ ተጠንቀቁ፤ ማዘርቦርዱ ላይ አራት ቀዳዳ አለ፣ ጥንዶቹ በቀለም ይለያሉ፣ ሁለቱን ቁራጭ ተመሳሳይ ቀለም ላይ አስገቡ። ከዚያ ሲፒዩ-ዜድ የምትባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍታችሁ ሜሞሪ የሚለው ገጽ ላይ «ዱዋል» መጻፉን አረጋግጡ። አማካዩ ከ29 ወደ 36 ሄደ። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን መስመሩ ነው፣ ያ የሚዘለው ነገር በግማሽ ቀነሰ። ገና ግራፊክስ ካርድ ሳይገዛ ማለት ነው!

ዊንዶውሱ ላይ የሚሠራው ብዙ አይደለም። ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ከታስክ ማናጀር አጥፉ፣ ከጀርባ ጌም የሚቀዳውን አጥፉ፣ ፓወር ፕላኑን ከፍተኛ አፈጻጸም ላይ አድርጉ፣ ድራይቨር (ዊንዶውስ ዕቃውን የሚያዝበትን ፕሮግራም) ከአምራቹ ገጽ አውርዱ። አለቀ። ቴሌግራም ላይ «ኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚታይ ፍሬም) በእጥፍ የሚጨምር» እየተባለ የሚዞረውን ፋይል ግን እባካችሁ አትክፈቱ። በአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሄድ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የማታውቁት ነገር ነው፤ ብዙዎቹ አንቲቫይረሱን ዝጉ ይሏችኋል፣ ይህ ብቻውን መልስ ነው። ራም «የሚያጸዱ» ፕሮግራሞችም ዊንዶውስ ሆን ብሎ ያስቀመጠውን አውጥተው እንደገና እንዲጭን ያስገድዱታል እንጂ ምንም አይጨምሩም።

ኤስኤስዲ (ከድሮው ሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) አስገብቻለሁ። ፍሬም አይጨምርም፣ በዚህ አትታለሉ። የጂቲኤ መክፈቻ ጥበቃ ግን በጣም አጠረ፣ በመኪና በፍጥነት ስትሄዱ መንገዱና ሕንፃው ዘግይቶ የሚመጣው ነገርም ቀረ።

ከዚህ በኋላ ነው ግራፊክስ ካርድ ያሰብኩት። የዚህ ማሽን ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ነው፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ መሰኪያም የለውም። ስለዚህ ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ባለ 4 ጊጋው በትክክል እዚህ ይገባል፤ ግን ከፍ ያለ ፍጥነት ተሰጥቷቸው የወጡ፣ የራሳቸውን የኃይል መሰኪያ የሚጠይቁ ዓይነቶችም ስላሉ ከመክፈላችሁ በፊት ጎኑን እዩ። የወጣው በፈረንጆቹ 2016 ስለሆነ ገበያ ላይ ያለው በአብዛኛው ያገለገለ ነው፣ ፎርጅድም ሞልቷል። የድሮ ካርድ ባዮሱ (ካርዱ ማንነቱን የሚናገርበት የውስጥ ፕሮግራም) ተቀይሮ 1050 ቲአይ ነኝ እንዲል ይደረጋል። ሁለት መለያ ልስጣችሁ። የዚህ ትውልድ ቺፕ የቪጂኤ (የድሮው የሞኒተር ገመድ) ምልክት አያወጣም፣ ስለዚህ ካርዱ ላይ ሰማያዊውን የቪጂኤ መሰኪያ ካያችሁ ተጠራጠሩ። ሁለተኛ ጂፒዩ-ዜድ የሚባለውን የካርድ መመርመሪያ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ አስከፍቱት፤ ብዙዎቹን ፎርጅዶች «ፌክ» ብሎ ከስማቸው ፊት ይጽፍባቸዋል። ለማየት የማይፈቅድላችሁ ሻጭ ካለ ትታችሁ ውጡ። ሞኒተራችሁ ቪጂኤ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከኤችዲኤምአይ የሚቀይር አዳፕተር ጨምሩ። የሞኒተሩን ገመድ ካርዱ ላይ ሰኩት፤ ማዘርቦርዱ ላይ ከቀረ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

አሁን ጂቲኤ በ1080 ጥራት 60 ላይ ይሄዳል፣ አብዛኛው ሴቲንግ ከፍተኛ ላይ ሆኖ። ቴክስቸሩን (የዕቃዎቹን ገጽታ ጥራት) ከፍ አድርጉት፣ 4 ጊጋው ይችለዋል። የሣሩን ጥራት ዝቅ አድርጉ፣ የምስሉን ጠርዝ የሚያለሰልሰውን ከባዱን ኤምኤስኤኤ አጥፉና በምትኩ ቀላሉን ኤፍኤክስኤኤ አብሩ፤ እነዚህ ሁለቱ ብቻቸውን ከጫካው አካባቢ ብዙ ፍሬም ይመልሳሉ። ፍሬሙን 60 ላይ ገድቡት፣ ሞኒተሩ 60 ኸርዝ ከሆነ ከዚያ በላይ ያለው ለዓይናችሁ አይደርስም፣ ሙቀት ብቻ ነው የሚጨምረው።

ኦንላይን ለምትጫወቱ፣ ፒንግ (መልእክት ወደ ሰርቨሩ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም። ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነ ርቀቱን የሚያሳጥር ካርድ የለም። በዋይፋይ ፋንታ በኬብል ብትገናኙ ግን መዋዠቁ ይቀንሳል። ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ግዙ፤ መብራት ዊንዶውስ በሚጽፍበት ሰዓት ከሄደ ፋይል ይበላሻል፣ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ደግሞ የባሰ ነው።

ቀጣዩን ያሳየኝ ያው መለኪያው ነው። ከከተማ ውጭ ካርዱ 97 በመቶ ይሠራል፣ ጤናማ ነው። መሀል ከተማ ሲገባ ካርዱ ወደ 70 ይወርድና አራቱም የፕሮሰሰሩ ኮሮች (የሥራ ክፍሎች) 100 በመቶ ይሞላሉ። የሕዝቡን ብዛት በሴቲንግ ስቀንሰው ተሻለ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ስለዚህ አሁን የምፈልገው ኮር አይ7-4790 ነው፤ ያው ሶኬት ላይ ይገባል፣ አራት ኮር ሆኖ ስምንት ሥራ በአንዴ ይይዛል። ይህን ፕሮሰሰር ኦፕቲፕሌክስ ላይ ያስገባችሁ ካላችሁ የሙቀቱን ቁጥር ጻፉልኝ፣ የፋብሪካው ሂት ሲንክ ይበቃው እንደሆነ አይቼ ነው የምገዛው።