በክረምት ዳገቱ ይሻለኛል

ጎንደር ለብስክሌት የምትመች ከተማ አይደለችም። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ይመላለስባታል፤ በእኛ ከተማ ግን ከፒያሳ በየትም በኩል ቢወጡ ወይ ቁልቁለት ወይ ዳገት ይጠብቃል። እኔ ከፒያሳ ከፍ ብሎ ካለው ቤቴ አዘዞ እስከሚገኘው መሥሪያ ቤቴ በብስክሌት መመላለስ ከጀመርሁ አራት ክረምት አልፎኛል፤ ጠዋት ቁልቁል፣ ማታ ሽቅብ። በበጋ ማንም ልብ አይለኝም። ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር ግን የሥራ ባልደረቦቼ እንደ ሕመምተኛ ያዩኝ ይጀምራሉ።

የሚያዝኑልኝ ታዲያ በተሳሳተው ሰዓት ነው። ማታ ዶፉ እየወረደብኝ፣ ዳገቱን በቀላሉ ማርሽ እያቃሰትሁ ስወጣ ከባጃጅ ውስጥ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «አይዞህ!» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። በነሐሴ ከመንገዱ ዳር የበቆሎ እሸት የሚጠብሱ አንዲት እናትም፣ «ኧረ ልጄ፣ ና ተጠለል! ማን አባሮህ ነው?» ይሉኛል። አንዳንድ ቀን እቆማለሁ። ዣንጥላቸው የሚሸፍነው ከሰሉን እንጂ እርሳቸውን አይደለም፤ ከዣንጥላው ጫፍ የወረደች ጠብታ ፍሙ ላይ ስታርፍ ጭስስ ትላለች፤ በቆሎው በአንድ ጎኑ አርሮ በሌላው ገና ወተት ነው። በልቼ እንደገና ስነሣ ያዝኑልኛል፤ ነገር ግን በዳገት ላይ ዝናብ ብዙም አይጎዳኝም። እግሬ ስለሚሠራ ሰውነቴ ይሞቃል፤ ፍጥነቴ ከእግረኛ እምብዛም ስለማይበልጥ ፍሬን አያስፈልገኝም፤ ብወድቅ እንኳ የምወድቀው እንደ ቆመ ሰው ነው።

የሚያስፈራው የጠዋቱ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ማንም አይዞህ አይለኝም። በቁልቁለት እግሬ ሥራ ይፈታል፤ ነፋሱ በረጠበው ልብሴ ውስጥ ይገባል፤ ገና ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ጣቶቼ ደንዝዘው ፍሬኑን ምን ያህል እንደጨበጥሁት አላውቅም። ቸርኬው በውኃ ስለሚሸፈን የፍሬኑ ላስቲክ መጀመሪያ ውኃውን መጥረግ አለበት፤ መያዝ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብስክሌቱ ብዙ ሜትር ይሄዳል። ኮብልስቶኑ ሲረጥብ ያንሸራትታል። አስፋልቱም ቢሆን በተለይ በሰኔ የመጀመሪያ ዝናቦች፣ በበጋ የተጠራቀመው አቧራና የመኪና ዘይት ከውኃው ጋር ሲቀላቀል እንደ ሳሙና ይሆናል።

ይህን የተማርሁት በሁለተኛው ክረምቴ፣ በሐምሌ አንድ ጠዋት ነው። ዝናቡ አባርቶ ጭጋግ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከፊቴ የነበረ ባጃጅ ተሳፋሪ አይቶ ድንገት ቆመ። ፍሬኑን ጨበጥሁ፤ ብስክሌቱ እንዳልሰማ ቀጠለ። ባጃጁን ለማምለጥ መሪውን ሳዞር የፊት ጎማው ተንሸራተተና ጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ሾፌሩ ወርዶ ካነሣኝ በኋላ «ለምን ተጠጋኸኝ?» ብሎ ተቆጣኝ፤ እውነት ለመናገር ተጠግቼው ነበር።

ብስክሌቴን የሚጠግንልኝ ሰው ጥፋቱን ወዲያው አገኘው። አሮጌው ቸርኬ የሚያብለጨልጭ ብረት ነበር፤ እንዲህ ያለው ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬን አይዝም። በአሉሚኒየም ቀየረልኝ፤ ልዩነቱ በመጀመሪያው ዝናብ ታየኝ። (ቸርኬ፣ ካላማዳሪያ፣ ፍሬን፦ ጣሊያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ቢሰጥም ቃላቱን ከብስክሌታችን ላይ ነቅሎ አልሄደም።) ከዚያ ወዲህ ቁልቁለቱን ከመጀመሬ በፊት ፍሬኑን ደጋግሜ ነካ ነካ እያደረግሁ ቸርኬውን አደርቃለሁ፤ ለጎማውም አየር በጥቂቱ እቀንሳለሁ፤ የሥራ ጫማዬን በፌስታል ጠቅልዬ በቦርሳ እይዛለሁ።

በክረምት መንገድ መውጣት ለዚህ አገር የቆየ ልማድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት በበጋ ሲዘምቱ ቆይተው ዝናብ ሲገባ በአንድ ስፍራ ከነሠራዊታቸው ይከርሙ ነበር፤ «ከረመ» የሚለው ግስ ራሱ የክረምት ልጅ ነው። አፄ ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ በክረምት ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሁሉ የሚቀመጡባት መናገሻ አደረጓት። እኔ ደግሞ በሁለት ሰዓት ተኩል መፈረም አለብኝ። «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» የሚለውንም አላምነውም፤ ቤተ ክርስቲያን እንደምትቆጥረው ክረምቱ እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል፤ የእኔ ካፖርትም እስከዚያው ከበሩ ጀርባ አይነሣም።

ነገሩ የገባቸው የመሥሪያ ቤታችን በር ጠባቂ ብቻ ናቸው። ቦይ ውስጥ የገባሁ ዕለት ጭቃዬን በባልዲ ውኃ ያጠቡልኝ እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክረምት በገባ ቁጥር ሌላውን ሠራተኛ «እንዴት አደራችሁ?» እያሉ ያስገቡና እኔ ስደርስ አስቀድመው ጎማዬን፣ ቀጥሎ ጉልበቴን ያያሉ።

«ደኅና ወረድህ?»

«ደኅና ወረድሁ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»