ሁለት ዛፍ ላይ የወጣ ላፕቶፕ

ትናንት ማታ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬ ሞልቶ የሚጠፋ ነገር ስፈልግ «ሊኑክስ» የሚል ፎልደር አገኘሁ። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ዲስትሮ የሚባሉ ብዙ ዓይነቶች አሉት። ውስጡ የአምስት ዲስትሮ የአይኤስኦ ፋይሎች (ሲስተሙ የሚጫንባቸው የዲስክ ቅጂዎች) ተደርድረዋል፦ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራ፣ ዴቢያን፣ አርች። አምስቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው ያወረድኳቸው። ፍላሽ ላይ የወጡት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በኦፕሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ነው። መምህራችን ለመጀመሪያው የላብራቶሪ ሥራ ፎርክን የሚጠቀም አጭር የሲ ፕሮግራም እንድንጽፍ አዘዙን። ፎርክ አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) የራሱን ቅጂ እንዲወልድ የሚያደርግ ጥሪ ነው። ዊንዶውስ አዲስ ፕሮሰስ የሚፈጥረው በሌላ መንገድ ስለሆነ የእኔ ኮድ ኮምፓይል መደረግ እንኳ አልቻለም። ሊኑክስ ላይ ግን ፎርክ አለ፤ ስለዚህ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ፣ ማለትም በዊንዶውስ ላይ እንደ እንግዳ በሚሠራ ምናባዊ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ኡቡንቱን ጫንኩ። ላፕቶፔ ያለው 8 ጊጋባይት ራም ነው፤ ግማሹን ለእንግዳው ስሰጥ እንግዳውም ባለቤቱም አብረው ማዝገም ጀመሩ። ተርሚናል ላይ አንድ ቃል ጽፌ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ብቅ እስኪሉ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። በዚያ ላይ ላፕቶፑ ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ነው፤ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ፕሮሰሰሬ 7ኛ ትውልድ ስለሆነ ወደ 11 ለማለፍ መስፈርቱን አያሟላም።

እናም ላፕቶፑ ላይ የትኛውን ሊኑክስ ልጫን ብዬ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። የጠየቅኩት ሁሉ የመከረኝ እሱ ራሱ የሚጠቀምበትን ነው። አንዱ «ኡቡንቱ ያዝ፣ ስትቸገር መልስ አታጣም» አለኝ። ሌላው ገና ኡቡንቱ ስለው ፊቱን አኮማተረ። አርች የሚጠቀመው የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ «አርችን በእጅህ ሳትጭን ሊኑክስ አውቃለሁ እንዳትል» ብሎኝ ሄደ። ሌሊት ሌሊት የንጽጽር ሠንጠረዥ እሠራ ነበር። አዎ፣ ኤክሴል ላይ። የማስረከቢያው ቀን እየቀረበ እኔ የዴስክቶፕ ስክሪንሾት አወዳድራለሁ።

ከሠንጠረዡ የተረፈኝ ቁም ነገር ግን አለ። ሁሉም ከሥር ያላቸው ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያስተዳድረው የሲስተሙ እምብርት) አንድ ነው፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው። (ያኔ 21 ዓመቱ ነበር። እኔም 21 ነኝ፤ እሱ ከርነል ሲጽፍ እኔ የዴስክቶፕ ጀርባ ምስል እመርጣለሁ።) ልዩነቱ ያለው ከከርነሉ በላይ ነው፦ ሶፍትዌር በምን ይጫናል፣ ዴስክቶፑ የቱ ነው፣ አዲስ ቨርዥን በስንት ጊዜ ይመጣል። ይህን የመጨረሻውን ማንም አላነሳልኝም፤ ለተማሪ ግን ዋናው እሱ ይመስለኛል። ፌዶራ በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ ቨርዥን ያወጣል፤ አንዱ ቨርዥን አፕዴት የሚያገኘውም ለ13 ወር ያህል ነው። ኡቡንቱም በየስድስት ወሩ ነው፤ ሆኖም በየሁለት ዓመቱ ኤፕሪል ላይ የሚወጣው ኤልቲኤስ (ረጅም ድጋፍ ያለው ቨርዥን) ለአምስት ዓመት አፕዴት ያገኛል። ሚንት የሚሠራው በዚያ ኤልቲኤስ ላይ ተመሥርቶ ነው። ዴቢያን አዲስ ቨርዥን ለማውጣት ሁለት ዓመት ገደማ ይቆያል፣ አይቸኩልም። አርች ደግሞ ቨርዥን የሚባል ነገር የለውም፤ ትንሽ በትንሽ ሲለወጥ ይኖራል። የፈተና ካላንደሬን አጠገባቸው ሳደርግ ሠንጠረዡ በአንዴ አጠረ። በፋይናል ሳምንት የግራፊክስ ድራይቨር (የስክሪን ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) የሚቀየርብኝ ሲስተም አልፈልግም። «ሲበላሽ መጠገን ትምህርት ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ያን ትምህርት የምማርበትን ቀን ግን እኔ ብመርጠው ይሻለኛል።

እንዲያም ሆኖ ልቤ ፌዶራ ላይ ነበር፤ ዴስክቶፑ ንጹህ ነው፣ ኮምፓይለሮቹም አዳዲስ። ዲስኬን ሳልነካ ከፍላሽ በላይቭ፣ ማለትም ሳልጭነው፣ አስነሳሁት። ድምፁ ሠራ፣ ታችፓዱ ሠራ፣ የስክሪኑ ብርሃን ሳይቀር ይታዘዛል። ዋይፋይ ግን የለም። ምልክቱም የለም። የዋይፋይ ካርዴ ድራይቨር ኮዱ ዝግ ነው፤ ፌዶራ ደግሞ ዝግ ድራይቨሮችን በራሱ የሶፍትዌር ማከማቻ አይዝም። ከሌላ ማከማቻ ማምጣት ይቻላል፤ ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል። አጠፋሁትና ተኛሁ።

በማግስቱ ሚንትን አስነሳሁ። እዚያም ዋይፋይ የለም። አሁን ግን ስልኬን በቻርጀር ገመዱ ሰክቼ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ማጋሪያውን) አበራሁ፤ ላፕቶፑ ወዲያው ኢንተርኔት አገኘ። (ይህን ፌዶራ ላይ ለምን እንዳላሰብኩት እስካሁን አይገባኝም። እዚያም ይሠራ ነበር። የሁለት ሳምንት ሠንጠረዥ ቀርቶ የመጀመሪያ ዲስትሮዬ የተመረጠው በአንድ የስልክ ገመድ ነው ማለት ነው።) ድራይቨር ማኔጀሩን ስከፍት የካርዱ ስም ተጽፏል፣ ከጎኑ «የሚመከር» ይላል። ነካሁት። ጫነው፣ ግን ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ የታመነ ፊርማ የሌለውን ኮድ የሚያግደው ጥበቃ) ያልተፈረመ ድራይቨር አላስገባም አለ። ባዮስ (የማሽኑ የመነሻ ቅንብር) ገብቼ ሴኪዩር ቡትን አጠፋሁ፣ ላይቩን እንደገና አስነሳሁ፣ ገመዱን እንደገና ሰካሁ፣ ድራይቨሩን እንደገና ጫንኩ። የጎረቤቶቼ የዋይፋይ ስሞች ተራ በተራ ሲዘረዘሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሰላም ብላቸው ደስ ባለኝ።

ዊንዶውስን ጨርሶ ለማጥፋት አልደፈርኩም፤ አንዱ ኮርስ ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ የፈተና ፕሮግራም አለው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል፤ ዱዋል ቡት (ሁለት ሲስተም በአንድ ማሽን) ይህን ተረት ያልሰማ ሰው የፈጠረው ነገር መሆን አለበት። ለሊኑክስ 80 ጊጋባይት ቆርጬ ለመስጠት ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰማያዊ ስክሪን ተቀበለኝ፦ 48 አሃዝ ያለውን የቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስክ የሚመሰጥርበት) ቁልፍ አስገባ። ዲስኬ የተመሰጠረ መሆኑንም አላውቅም ነበር። ነገሩ ጥፋቴ ነው፤ ሴኪዩር ቡት ሲጠፋ ቢትሎከር ማሽኑ እንደተነካካ ይቆጥረዋል፣ ስለዚህ ባለቤቱ መሆንህን አስረዳ ይላል። የመጣልኝ የመጀመሪያ ሐሳብ ባክአፕ ነበር። አድርጌያለሁ? ግማሹን። የሦስት ሴሚስተር ኖት ከዚያ ስክሪን ጀርባ ተቀምጧል። ደግነቱ ቁልፉ የማይክሮሶፍት አካውንቴ ውስጥ ነበር፤ ከስልኬ ላይ እያነበብኩ ስድስት ስድስቱን አሃዝ ስምንት ጊዜ አስገባሁ፣ አንዱን ስቼ ደግሞ እየፈለግኩ አረምኩ። እና እባካችሁ፣ ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት ያን ቁልፍ ወረቀት ላይ ገልብጡ።

የቀረው ቀላል ነበር። መጫኑ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ዊንዶውስ ስገባ ሰዓቱ ተዛንፎ አገኘሁት፤ ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ይይዛል፣ ዊንዶውስ እንደ አካባቢው ሰዓት ያነበዋል። በአንድ መስመር ትእዛዝ ተስተካከለ።

በዚያው ሌሊት የላብራቶሪውን ኮድ ጻፍኩ። አንድ ፎርክ፣ ከሥሩ «ሰላም» የሚል አንድ ፕሪንትኤፍ። ሳስኬደው «ሰላም» ሁለቴ ታተመ፤ አንዱ የወላጁ፣ አንዱ የልጁ። ሁለቴ እንደሚታተም ከስላይዱ ላይ አንብቤ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አራት አምስቴ ደጋግሜ አስኬድኩት። ሁለተኛ ፎርክ ጨመርኩ፣ አራት ሆነ። ሦስተኛ፣ ስምንት።

ትናንት ማታ ከፎልደሩ አራቱን አጠፋሁ። አርችን ተውኩት። ፈተናው ማለቁ አይቀር።