ኦላጁዎንና ሙቶምቦ፦ የቅርጫት ኳስ ካርዶችን የሰበሰብኩበት መንገድ

ሀኪም ኦላጁዎን ከሌጎስ፣ ዲኬምቤ ሙቶምቦ ከኪንሻሳ ተነሥተው በአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ስማቸውን የተከሉ ሁለት ግዙፍ ተከላካዮች ናቸው። ሁለቱም በስፖርቱ የክብር መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። የኦላጁዎን ሩኪ ካርድ፣ ማለትም የመጀመሪያው ካርድ፣ በደህና ይዞታ ላይ ከሆነ በመቶዎች ዶላር ይጠየቅበታል። የሙቶምቦን ግን በየካርድ መሸጫ ትርኢቱ የአንድ ዶላር ካርቶን ውስጥ አገኘዋለሁ። ስብስቤን መሥራት የቻልኩት የዚህን ልዩነት ምክንያት ከተረዳሁ በኋላ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦላጁዎን ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት የ1984 ምርጫ አንደኛ ሆኖ ሂውስተን ሲገባ፣ ማይክል ጆርዳን በዚያው ምርጫ ሦስተኛ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን የቅርጫት ኳስ ካርድ ፈላጊ አልነበረውም። ካርድ አታሚው ቶፕስ በአሥርት ዓመቱ መጀመሪያ ላይ ማተሙን ትቶት ስለነበር ልጆች በየሱቁ የሚገዙት ፓኬት አልነበረም። ሌላው አታሚ ፍሊር በ1986 ባለ 132 ካርዱን ስብስብ ሲያወጣ የኦላጁዎንም የጆርዳንም ሩኪ ካርድ እዚያ ውስጥ ገባ፤ ፓኬቶቹም ሳይሸጡ ብዙ ቆዩ። ሙቶምቦ ከጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ዴንቨር የገባው በ1991 ነው። ያኔ አሜሪካ በካርድ ተጥለቅልቃ ነበር፤ ፍሊር፣ ሁፕስ፣ ስካይቦክስና አፐር ዴክ እየተፎካከሩ ያትማሉ፣ ገዢውም ለልጆቼ ትምህርት ቤት ይሆናል እያለ ሳጥን ሳጥኑን ያስቀምጣል። ሁሉም ያስቀመጠው ነገር አይወደድም። የሙቶምቦ ካርድ የረከሰው ሙቶምቦ ስላነሰ አይደለም፤ በእናቱ ስም በኪንሻሳ ሆስፒታል የሠራ ሰው በየትኛውም ሚዛን አያንስም። የታተመው ብዛት ነው ያረከሰው።

ስለዚህ ካርድ ከመግዛቴ በፊት ስንት ቅጂ እንዳለ መጠየቅን ልማዴ አደረግሁ። መልሱ በከፊል በእጃችን ነው። ፒኤስኤ የተባለው ደረጃ ሰጪ ድርጅት የካርዱን ማዕዘን፣ ጠርዝና ገጽ፣ እንዲሁም ምስሉ መሃል ላይ መታተሙን መርምሮ ከአንድ እስከ አሥር ደረጃ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ ካርድ ስንቱን በየትኛው ደረጃ በፕላስቲክ መያዣ እንዳሸገም በይፋ ያሳያል። የ1986ቱ ፍሊር ባለ ቀለም ጠርዝ በትንሽ ንክኪ ስለሚላጥ፣ ምስሉም ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ስለሚያደላ አሥር የሚያገኝ ጥቂት ነው። በስምንትና በአሥር መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ግን ለዓይን ከሚታየው ልዩነት በእጅጉ ይበልጣል። እኔ ስምንት እገዛለሁ። ለማየት ያምራል፣ የወር በጀቴንም አያናጋም። የዚያ ዘመን ውድ ካርዶች አስመስሎ የተሠራባቸው ብዙ ስለሆነ ያልታሸገ አልገዛም፤ የታሸገውንም ቢሆን የማረጋገጫ ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አይቼ ነው የምከፍለው።

የምገዛው በአብዛኛው ቨርጂኒያ ውስጥ ሻንቲሊ በሚገኘው የደለስ ኤክስፖ ማዕከል በሚደረገው ትርኢት ነው። ለእኛ ለዋሽንግተን አካባቢ ሰዎች ቅርብ ነው፤ የዋጋ ክርክርም ይፈቅዳል፣ መርካቶን ለሚያውቅ ሰው አይከብድም። ከአንድ ሻጭ አራት አምስት ካርድ መርጬ በአንድ ላይ ዋጋ እጠይቃለሁ፤ በተለይ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሻጮች ዕቃቸውን ማሸግ ሲጀምሩ። ከመሄዴ በፊት የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ ላይ የምመለከተው በትክክል የተሸጠበትን ዋጋ ነው። የሚጠየቀው ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው፣ ማንም የፈለገውን መጻፍ ይችላል።

የኮሮና ወረርሽኝ ገበያውን ሲያሳብደው ይህ ዘዴ አዳነኝ። ሰው ቤት ተቀምጦ፣ የድጎማ ገንዘብ በእጁ ይዞ ወደ ካርድ ዞረ። በጥር 2021 ደረጃ አሥር የተሰጠው የጆርዳን ፍሊር ካርድ 738,000 ዶላር ተሸጠ። በመጋቢት ፒኤስኤ በተከመረበት ሥራ ምክንያት አብዛኛውን አገልግሎቱን አቋረጠ፤ በግንቦት ደግሞ ታርጌት የተባለው የመደብሮች ኩባንያ በዊስኮንሲን ከአንድ ሱቁ ውጭ ጠብ ከተነሣ በኋላ ካርድ በሱቆቹ መሸጡን አቆመ። የጆርዳን ካርድ በዚያ ወቅት ከሦስት መቶ በላይ ቅጂ ደረጃ አሥር ነበረው። ይህን ቁጥር ያየ ሰው ዋጋው በዚያው ከፍታ እንደማይጸና መገመት ይችል ነበር፤ ዓመት ተመንፈቅ ሳይሞላ ከግማሽ በታች ወረደ። እኔ በዚያ ሰሞን የአዳዲስ ተጫዋቾች ካርዶቼን ሸጥሁ፣ ዋጋው ሲረግብ ኦላጁዎንን ገዛሁ።

አሁን ያለው ገበያ ሌላ ነው። አታሚዎቹ እጥረቱን ራሳቸው ይሠሩታል፤ አንዱን ፎቶግራፍ በተለያየ ቀለም ያትሙና አንዱን በአሥር፣ ሌላውን በአንድ ቅጂ ብቻ ይገድባሉ። ወላጆቹ ናይጄሪያውያን የሆኑት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ያኒስ አንቴቶኩንምፖ ፊርማ ያለበት አንድ ብቸኛ ካርድ በ2020 ከ1.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ፋናቲክስ የተባለው የስፖርት ዕቃ ኩባንያ በ2022 ቶፕስን ገዛ፤ የአሜሪካን የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የኤንቢኤን፣ ካርድ የማተም ፈቃድም በ2025 ከፓኒኒ ኩባንያ ወደ ቶፕስ ተዛወረ። ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ብሬክ የሚባለው ነው፤ ገዢው ለአንድ ቡድን ድርሻ ይከፍልና ሳጥኑ በቀጥታ ሥርጭት ሲከፈት ዕጣውን ይጠብቃል። አብዛኛው ሰው ባዶ እጁን ይወጣል። የወንድሜ ልጅ እንዲህ ባለው ነገር ገንዘቡን ሲያፈስ አይቼ ሻንቲሊ ይዤው ሄድኩ፤ በአንድ ሳጥን ድርሻ ዋጋ የሚወደውን ተጫዋች ካርድ ራሱ መርጦ ገዛ። ወጣቶች ካርዱን በእጃቸው ይዘው፣ ጀርባውን አንብበው እንዲመርጡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሙቶምቦ በመስከረም 2024 አረፈ። ከዚያ ወዲህ የምፈልገው የፈረመበትን ነው፤ ካርዱ በገፍ ቢኖርም ፊርማው ከእንግዲህ አይጨምርም። በካርድ አታሚው የተረጋገጠውን እመርጣለሁ፣ በግል የተፈረመ ከሆነ ደግሞ ፊርማን የሚመረምር ድርጅት ያሸገውን ብቻ። ለጊዜው ዋጋው ለእንደኔ ዓይነቱ ገዢ ከአቅም በላይ አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሜ በዴንቨር ማሊያ ያለውን እየፈለግሁ ነው።