በቦዩ ጫፍ ላይ ያለው ማሳ

ተወልጄ ያደግሁት ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ በመራዊ አቅራቢያ፣ የቆጋ መስኖ ውሃ በሚደርስበት ቀበሌ ነው። ወላጆቼ ገበሬዎች ናቸው፤ በክረምት በቆሎና ዳጉሳ፣ በበጋ ደግሞ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ያመርታሉ። ዘንድሮ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ስመደብ ጎረቤቶቻችን ባሕር ዳር በደጅህ እያለ ምን አራቀህ ብለውኝ ነበር፤ ነገር ግን ምርጫውን ስሞላ ቀዳሚ ያደረግሁት ራሴ ነኝ፤ ተቋሙ በ1979 ዓ.ም. ሲመሠረት የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበርና።

የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የሚይዝ ሲሆን፣ የታቀደውም 7,000 ሄክታር ገደማ ለማልማት ነው። ዋናው ቦይ ቀንና ሌሊት ይፈስሳል፤ ሌሊት የሚመጣው ውሃ በኩሬዎች ተጠራቅሞ ሲነጋ ወደ ማሳ ይለቀቃል። እንግዳ ሲመጣ የሚጎበኘው ግድቡን ነው፤ እኔ ግን ልቤ የሚሄደው ወደ ትንንሾቹ ቦዮች ነው። የእኛ ማሳ ከቦዩ ጫፍ አጠገብ በመሆኑ ተራችን ደርሶ እንኳ ውሃው ቀጥኖ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ጊዜ አባቴ የውሃውን ተራ ወደሚያከፋፍለው ውሃ አባት ይሄዳል፣ ክርክር ይነሣል፣ ጥፋቱም ብዙውን ጊዜ ከላይ ባሉት ገበሬዎች ላይ ይወድቃል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ሌሊት ቦይ የሚሰብር ሰው አይጠፋም።

ሆኖም የአየርላንዱ መሐንዲስ ሮበርት ማኒንግ በ1889 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን ቀመር ካነበብሁ ወዲህ ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት ጀምሬአለሁ። በቀመሩ መሠረት የውሃው ፍጥነት በቦዩ ተዳፋት፣ በቅርጹና በሻካራነቱ ይወሰናል። የጸዳ የአፈር ቦይ የሻካራነት ቁጥር 0.022 አካባቢ ነው፤ ሣር ሲውጠው 0.035 ሊደርስ ወይም ሊያልፍ ይችላል። ጥልቀቱና ተዳፋቱ ካልተለወጡ ፍጥነቱ ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ ይቀንሳል ማለት ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ የሚከተለው ነው፦ ውሃው ሲዘገይ በላይኛው የቦዩ ክፍል የውሃው ከፍታ ይጨምራል፤ ከፍታው ሲጨምር በግራና በቀኝ የሚሰርገውም፣ በላይኛዎቹ መክፈቻዎች የሚወጣውም ይበዛል። ስለዚህ ማንም ሰው እጁን ሳያስገባ ከላይ ያለው የበለጠ ሊያገኝ፣ ከታች ያለውም ሊጎድልበት ይችላል። በሽምግልና ከሚታዩት ክሶች ምን ያህሉ የሣርና የደለል ክስ እንደሆኑ ለክቶ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አሁን ገና ፍሬሽማን ስለሆንሁ የምማረው ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ሎጂክና እንግሊዝኛ ነው፤ ስለ ዶርምና ስለ ካፌው ወጥ ሌሎች በበቂ ሁኔታ ጽፈዋል። ወደ ዲፓርትመንት ስንከፈል የውሃ ሀብትና መስኖ ምሕንድስናን ልመርጥ አስቤአለሁ። ከሃይድሮሊክስ፣ ማለትም ከውሃ ፍሰት ትምህርት፣ ቀጥሎ የሚስበኝ የደለል ጉዳይ ነው፤ ለዚህም ከተማው ራሱ ማስረጃ አለው። ከኮረብታው ላይ ሆኖ ሲታይ ዓባያ ሐይቅ በተንሳፈፈ ደለል ቀልቶ፣ ጎረቤቱ ጫሞ ግን ጠቆር ብሎ ይታያል።

የክረምቱ ዕረፍት ከመስኖው ወቅት ጋር ስለማይገጥም ልኬቱን በሴሚስተር ዕረፍት መሞከር ይኖርብኛል። ውድ መሣሪያ የለኝም፤ የሚንሳፈፍ እንጨት፣ ሜትርና የስልክ ሰዓት ለመጀመሪያው ግምት ይበቃሉ። ታናሽ ወንድሜ ሣሩ ከመታጨዱ በፊትና በኋላ የውሃውን ከፍታ በየሦስተኛው መክፈቻ ላይ እንዲጽፍልኝ ከወዲሁ ደብተር ሰጥቼዋለሁ።