ሹፌሩ አባቴ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

አባዬ ሳሎን ውስጥ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወስዶታል። አልጋው ተነጥፎለታል። ጀርባው ግን መጋደም እምቢ ይለዋል። እናቴ ጋቢ ደረበችለትና ገባች። ቤቱ ጸጥ ሲል እኔ ይቺን መጻፍ ጀመርኩ።

ባለፈው አርብ፣ በቃና ዘገሊላ፣ ዘመድ አዝማዱ እኛ ቤት ተሰበሰበ። ድፎው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ አርብ ነውና ሽሮውና ምስር ወጡ ቀረበ። አባዬ ጡረታ ወጥቶ ለአገሩ በቃ ተብሎ ነው። ሽማግሌዎቹ በየተራ እየተነሱ መረቁት። «የላብህን ፍሬ ተቀምጠህ ብላ! ከልጅ ልጅ ያድርስህ!» እኛም አሜን አልን።

ከዚያ ሁሉም አባዬ ያደረገለትን መናገር ጀመረ። አንዱ የወፍጮውን ነገር አነሳ። አክስቴ የቤቷን ቆርቆሮ። አጎቴ አንድ ክረምት በሬው ሞቶበት ሳለ የተላከለትን ገንዘብ። የአያቴ ተዝካር እንዴት አምሮ እንደወጣም ተወራ። አንድ ጠጉሩ የሸበተ ሰውዬ ደግሞ ብድግ አለና «እኔ አራተኛ ክፍል ያስተማረኝ ነኝ» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ሞላ። ማርቆስ ውስጥ አባዬ እስከ ዛሬ መምህር ነው። 24 ዓመት አሜሪካ ኖሮ እንኳ ይሄ ስሙ አልለቀቀውም።

ደስ አለኝ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ሁሉ ሰው ሲያመሰግነው ውሎ «እዚያ ግን ምን ነበር የምትሠራው?» ያለው አልነበረም። ሰውን አልወቅስም። እኔም ልጁ ጠይቄው አላውቅም። ትምህርት ቤት «አባትሽ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «አሜሪካ ነው» እል ነበር። አሜሪካ የሥራ ስም ይመስል። ማንም ሁለተኛ አይጠይቀኝም ነበር።

የሄደው በ1991 ጥቅምት ላይ ነው። ዲቪ ደርሶት። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዲቪው ሁላችንም መሄድ እንችል ነበር፤ ግን አያቴ አልጋ ላይ ነበረች፣ የትኬቱ ገንዘብም የአንድ ሰው እንጂ የሦስት አልነበረም። «እኔ ቀድሜ ልያዘው፤ እናንተ ትከተላላችሁ» አለ። ኋላ እሱ ሲመቸው እናቴ ቤቷን መልቀቅ አልሆነላትም። እኔም ከእሷ አልተለየሁም። ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። ሦስት ጊዜ መጥቶ አይቶናል። የቀረውን ዌስተርን ዩኒየን ነበር የሚያገናኘን። እናቴ ሚስጥር ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ በመቀነቷ ጫፍ ትቋጥርና እጄን ይዛ ባንክ ትሰለፋለች። መጀመሪያ ሰሞን 100 ዶላር ሲመነዘር ከ700 ብር ትንሽ አለፍ ይል ነበር። በዚያ ገንዘብ ደብተርና ጫማ ተገዛልኝ፤ የአያቴ መድኃኒት፣ የዓመት ጤፋችንም ከእሱ ነው። ገንዘቡን አውቀው ነበር። ሥራውን ግን አላውቀውም ነበር።

ቅዳሜ ማታ ጠየቅኩት። ቡና ፈልቶ ሁለተኛው ላይ ደርሰን ነበር። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ አዲስ የመጣ የግድግዳ ካላንደር አውርዶ ገለበጠና በጀርባው ዋሽንግተንን ሣለልኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ምድር ቤት ያለ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ሲያቆም ነው የኖረው። ክረምት ከበጋ ፀሐይ ሳያይ። የታክሲ ፈቃድ ያወጣው በ1994 ነው። ያኔ ዋሽንግተን ውስጥ የታክሲ ሒሳብ በዞን ነበር። ከተማው በዞን ተከፋፍሏል፤ ተሳፋሪው የሚከፍለው ስንት ዞን እንዳቋረጠ ተቆጥሮ ነው። ሹፌሩ ካርታውን በቃሉ መያዝ አለበት። አባዬ ደግሞ ልጅ ሆኖ ጎዛምን ገጠር ከየኔታ እግር ሥር ዳዊት የደገመ ሰው ነው። ዳዊት ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ እንደሚጸለየው፣ ዞኑን ለሰባት ቀን ከፋፈለው። የሰኞ ሰፈር፣ የማክሰኞ ሰፈር። ፓርኪንግ ውስጥ መኪና እየጠበቀ በዜማ ይለው ነበር። ቅዳሜ ማታ አሰማኝ። ቁጥር ያላቸው መንገዶች ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ፊደል ያላቸው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። «አይ»ን አለፈና «ኬ» አለ። «ጄ የለም» አለኝ። «ጄ የሚባል መንገድ እዚያ ከተማ የለም። አዲስ ሹፌር የሚያዘው በዚች ነው።» ደግሞ ያው አድራሻ በአራቱም የከተማዋ ክፍል ሊኖር ይችላል፤ ሰሜን ምዕራብ ነው ወይስ ደቡብ ምሥራቅ ብለህ ካልጠየቅክ ሰውየውን ሌላ አገር ታደርሰዋለህ አለኝ። ሲያወራ ፊቱ ሲበራ አየሁት። ሰሌዳ ፊት ቆሞ እንደዚህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብኩ።

በ2000 ሚያዝያ ላይ ዞኑ ቀረና ሜትር ተገጠመ። ያን ሁሉ የሸመደደው ነገር በአንድ ቀን። ከ2004 ወዲህ ደግሞ በስልክ የሚጠሩት መኪኖች መጡና ገበያው ለሁለት ተከፈለ። በኮሮና ጊዜ ጎዳናው ባዶ ነበር። ይህንን ሁሉ በሁለት ደቂቃ አልፎት ሄደ። እኛ ዘንድ ገንዘቡ ቀርቶ አያውቅም። ያኔ ከየት እያመጣ ይልክ እንደነበር ብጠይቀው «ሰዓት ጨምሬ» ብቻ አለኝ።

ጡረታውም ራሱ በከፈለው ነው። ተቀጣሪ ሰው መዋጮውን ከአሠሪው ጋር ይጋራል። ባለታክሲ አሠሪ የለውም፤ የሁለቱንም ድርሻ ከትርፉ ላይ ራሱ ይከፍላል፣ ከመቶ 15.3። አብረውት እዚህ ያስተምሩ የነበሩት በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጥተው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እየሞቁ ሲጫወቱ አያቸዋለሁ። እሱ የተወለደው ግንቦት 1948 ነውና በእዚያ አገር ሕግ ሙሉ ጡረታ የሚደርሰው በ66 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። ስድስት ዓመት ተጨማሪ መሪ ጨበጠ። መስከረም 2015 ላይ ታክሲውን አስረከበ። የመጨረሻ ቀን አብረውት የሚሠሩት ልጆች ወረፋ ላይ ፔርሙስ ይዘው መጥተው በመኪናው ኮፈን ላይ ቡና አጠጡት። ዘፈንም ንግግርም አልነበረም። ከዚያ ወረፋቸው ደረሰና ሄዱ።

አሁን ሆዴን የሚበላኝን ልጻፍ።

አባዬ ሁልጊዜ እሁድ ጠዋት ነበር የሚደውለው። ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ። እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች። እኔ በአፍላነቴ ጓደኞቼ ዘንድ መሄድ እየፈለግኩ «እሺ አባዬ፣ ደህና ነኝ አባዬ» ብዬ ቶሎ እሰጣት ነበር። አንዳንዴ «ዛሬስ አጭር አድርጉት» እል ነበር። እሱ ያን ጊዜ የት እንደሆነ አስቤ አላውቅም።

እዚህ እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና የቅዳሜ ሌሊት ሰባት ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ስምንት። ጭፈራ ቤቱ ሊዘጋ የሚቃረብበት፣ ሰው መንገድ ወጥቶ እጁን ለታክሲ የሚያነሳበት ሰዓት። የሳምንቱ ምርጥ ገበያ። አባዬ በዚያ ሰዓት ዳር ይዞ መብራት ያጠፋና በካርድ ይደውልልን ነበር። ሰው መስኮቱን እያንኳኳ። «ለምን ሌላ ሰዓት አልደወልክም?» አልኩት።

«እናትሽ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለሰው ያኔ ነዋ» አለኝ።

ስንት ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ። ተነስቼ ጓዳ ገባሁ። ሲኒ የማጥብ መስዬ ቆየሁ።

አባዬ፣ ይህንን ስታነብ ምን እንደምትል አላውቅም። አርብ ዕለት ሰው ሁሉ መምህሩን አመሰገነ፤ ገንዘብ ላኪውን አመሰገነ። እኔ ሹፌሩን ማመስገን እፈልጋለሁ። እዚህ ማንም ያላየውን። በበረዶ መስታወት ሲፍቅ ያነጋውን፣ ሰካራም ደግፎ ደጁ ያደረሰውን፣ ምሳውን በመሪው ላይ የበላውን። እግዜር ይስጥልኝ አባዬ። እነዚያን አጫጭር ስልኮች ይቅር በለኝ።

ዛሬ ጠዋት ማርቆስን ሊሳለም አብረን ወጣን። ብርድ ነበር፣ ባጃጅ ያዝን። ባለባጃጁ ገና ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም። አባዬ ከኋላ ተቀምጦ የልጁን ማጅራት ሲያይ ቆየ።

«ከስንት ሰዓት ጀምረህ ነው?» አለው።

«ከአሥራ አንድ፣ አባባ።»

«ቁርስ በላህ?»

ልጁ በመስታወቱ አየውና ሳቅ አለ። «ኧረ ገና ነው።»

ስንወርድ አባዬ ከታሪፉ በላይ ሰጠው። መልሱን እንቢ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው። «ይሄኛው ቀንሷል። አስሞላው፤ መታጠፊያ ላይ ይጎትትሃል።»

«አባባ፣ ሹፌር ነበሩ እንዴ?» አለ ልጁ።

አባዬ ቀና አለ። መጀመሪያ እኔን አየኝ።

«አዎ» አለው። «ሃያ ዓመት።»