«ወራጅ አለ» የማይሰማበት ባቡር

ሦስት የአዲስ አበባ የጨርቅ ነጋዴዎችን ይዞ ሙምባይን ሲያዞር የዋለ አስጎብኚ፣ ማታ አንዴሪ ጣቢያ ላይ ወርዶ ዞር ቢል እንግዶቹ አንዲት ሴት ብቻ ሆነውበታል። ሁለቱ ወንዶች ባቡሩ ውስጥ ቀርተዋል። አንደኛው በሩ ሊደርስ ሁለት ክንድ ሲቀረው እንደ አገሩ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኾ ነበር። መርካቶ ቢሆን ረዳቱ ሰምቶ ያስቆምለታል። የሙምባይ የከተማ ባቡር ግን ረዳት የለውም፤ አንድ ጣቢያ ላይ የሚቆመውም ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ያ ጊዜ ሲያልቅ ሰው ቢወርድም ባይወርድም ይሄዳል።

ስህተቱ የተሠራው ጠዋት ነው። ከአንዴሪ የተነሡት 5 ሰዓት ላይ ስለነበር ግፊያው አልፎ ነበር፤ ቁጭ ብለው በከተማው ደቡብ ያለው የመጨረሻ ጣቢያ ቸርችጌት ደረሱ። ከዚያ በታክሲ ወደ ክሮፎርድ ገበያና አጠገቡ ወዳለው ማንጋልዳስ የጨርቅ ገበያ ሄዱ። መንገዱ ቀላል ስለመሰለ ስለ መመለሻው ማንም አልተነጋገረም። (እዚህ ያሉት ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ከሕንዶች ጋር ስትቀጣጠሩ ግን በፈረንጆቹ ተናገሩ፤ «5 ሰዓት» ያላችሁት ሰው ማታ 11 ሰዓት ላይ ሊመጣላችሁ ይችላል።)

ገበያው አልቆ ቸርችጌት የደረሱት ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ወንድ አንድ አንድ ጣቃ ተሸክሟል። ጠዋት የከተማው ሰው ወደ ደቡብ ይጎርፋል፤ ከ11 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ደግሞ ያው ሕዝብ ወደ ሰሜን ይመለሳል። ቸርችጌት መነሻ ስለሆነ ባዶው ባቡር ገና ሳይቆም ሰው እየዘለለ ይገባበታል። ሰሌዳው ላይ የመድረሻው ምልክት፣ ሰዓቱ፣ የፉርጎው ብዛት (12 ወይም 15) እና ፈጣን (ጥቂት ጣቢያ ብቻ የሚቆም) ወይም ቀርፋፋ (ሁሉም ጣቢያ የሚቆም) መሆኑ ይታያል። አስጎብኚው ወደ ቪራር የሚሄደውን ፈጣን ባቡር መረጠ፤ አንዴሪ ይቆማላ። ልክ ነው፣ ይቆማል። ችግሩ ቪራር ከቸርችጌት 60 ኪሎ ሜትር ያህል መራቁ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ቆሞ የሚሄድ ሰው በሩን ይዞ ይተከላል፤ መንገድ ላይ ለሚወርድ መንገደኛም ብዙ አይራራም። ዳዳር ላይ፣ ሁለት መስመሮች በሚገናኙበት፣ የገባው ሕዝብ ሁለቱን ነጋዴዎች ከነጣቃቸው ወደ መሐል ገፋቸው። ከዚያ ወዲያ ወደ በሩ መመለስ አልቻሉም።

ሴትየዋ ለምን ወረደች? የገባችው ለሴቶች ብቻ በተመደበው ፉርጎ ነው። እዚያ አጠገቧ የነበረች ሴት «አንዴሪ?» ብላ ጠይቃት፣ እጇን ይዛ ወደ በሩ በሚጠጋው ሰልፍ ውስጥ አቆመቻት። ሙምባይ ውስጥ ከመሳፈር ይልቅ የሚከብደው መውረድ ነው፤ ነዋሪው ይህን ከልጅነቱ ስለሚያውቀው ለእንግዳ መንገር ይረሳዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከምትወርዱበት አንድ ጣቢያ ቀደም ብላችሁ ተንቀሳቀሱ። ፈጣን ባቡር ላይ ለአንዴሪ ወራጅ ያ ጣቢያ ባንድራ ነው። ከፊታችሁ ያለውን ሰው ትከሻውን ነካ አድርጋችሁ «አንዴሪ ኡተርና ሄ?» (አንዴሪ ትወርዳለህ?) በሉት። የሚወርድ ከሆነ ተከተሉት፤ የማይወርድ ከሆነ ቦታ ይቀያየራችኋል። መድረኩ በየትኛው በኩል እንደሚመጣም አብራችሁ ጠይቁ፤ በተሳሳተው በር ከቆማችሁ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ቦርሳ ከጀርባ ሳይሆን ከፊት ይታቀፋል።

ሁለቱ ሰዎች የወረዱት ቦሪቫሊ ነው፤ ፈጣኑ ባቡር ከአንዴሪ ቀጥሎ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ የሚቆመው እዚያ ነው። እዚያ ደግሞ ጥቁር ኮት የለበሰ ትኬት ተቆጣጣሪ ድልድዩ ላይ ያዛቸው። ትኬታቸው የ10 ሩፒ፣ እስከ አንዴሪ ብቻ ነበርና በነፍስ ወከፍ 250 ሩፒ ቅጣትና የመንገዱን ልዩነት ከፈሉ። አሳልፏችሁ የሄደ ባቡር ካለ ከሚንቀሳቀስ በር አትዝለሉ፣ ሐዲድም አታቋርጡ። ቀጣዩ ጣቢያ ወርዳችሁ በድልድይ ተሻገሩና አዲስ ትኬት ገዝታችሁ ተመለሱ፤ ማታ ወደ ደቡብ የሚመለሰው ባቡር ክፍት ነው።

ታክሲ ይሻል አልነበር ወይ? በዚያ ሰዓት መንገዱም ይዘጋል፤ ለጣቃው ግን ይሻል ነበር። ጥቁርና ቢጫው ታክሲ በሜትር ነው፤ በፈረንጆቹ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ መነሻው 31 ሩፒ ሆኗል። ባጃጅ በደቡብ ሙምባይ አትፈልጉ፤ በምዕራቡ በኩል ከባንድራ ወደ ደቡብ አይፈቀድለትም። «ባጃጅ» ስትሉም ሕንዱ የሚሰማው የፋብሪካውን ስም ነው፤ «ሪክሻ» በሉት። ሌላው አማራጭ በጥቅምት 2025 በፈረንጆቹ እስከ ደቡቡ ጫፍ የተከፈተው የምድር ውስጥ ሜትሮ ነው፤ ከክሮፎርድ አጠገብ ተሳፍሮ ማሮል ናካ ላይ መስመር ቀይሮ አንዴሪ መግባት ይቻላል።

ቀኑ ረቡዕ ስለነበር ሰዎቹ ጾመኞች ነበሩ። እዚህም ላይ ሕንዶች «ቬጅ» (ሥጋ የሌለበት) የሚሉት የእኛ ጾም አይደለም፤ ወተትና ቅቤ ይገባበታል፣ ምስሩም ሳይቀር ብዙ ጊዜ በቅቤ ይቁላላል። የታሸገ ምግብ ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብም ከወተት ነጻ ነው ማለት አይደለም። «ጊ (የነጠረ ቅቤ)፣ ዱድ (ወተት)፣ መክን (ለጋ ቅቤ) የለበትም?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዳቦ መሐል የሚገባው የድንች ጥብስ፣ ቫዳ ፓቭ፣ ዳቦው በቅቤ ካልተጠበሰ በስተቀር አብዛኛውን ጊዜ ለጾመኛ ይስማማል።

ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ገበያ ሲወጡ አስጎብኚው ጣቃውን በሱቁ በኩል ወደ ሆቴል አስልኮ፣ እንግዶቹን 8 ሰዓት ላይ በቀርፋፋው ባቡር መለሳቸው። ቪሌ ፓርሌ ሲያልፉ ያ «ወራጅ አለ» ባዩ ነጋዴ ከፊቱ ያለውን ሰው ትከሻ ነካ አድርጎ «አንዴሪ?» አለው። ሰውየው ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። ነጋዴው ደንግጦ ወደ አስጎብኚው ዞረ፤ አስጎብኚውም እየሳቀ «ተከተለው፣ አዎ ማለቱ ነው» አለው።